የእብነ በረዷ ሴትዮ መርዶ

የግሪክ አማልክትን የተዋወቅኋቸው በመጽሐፍ አይደለም፤ በመወልወያ ነው። ደርግ ሥልጣን ከያዘ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው፤ የትምህርት ወጪዬን ይሸፍንልኝ የነበረው መንግሥት ድንገት ፊቱን አዞረብኝና ለንደን ላይ እጄን አጣጥፌ ቀረሁ። የነገው መሐንዲስ ተብዬ የተሸኘሁት ሰውዬ አንድ ትልቅ ሙዚየም ውስጥ ጽዳት ሠራተኛ ሆንኩ።

በየማለዳው ጎብኚ ሳይገባ ባልዲዬን እየጎተትኩ በአማልክቱ መሀል አልፋለሁ። አፍንጫ የሌለው አለ፣ ክንድ የሌለው አለ፣ ከእምብርቱ በላይ ጭራሽ የሌለም አለ። መጀመሪያ ግድም አከብራቸው ነበር። የስንቱን እግር ስንት ጊዜ እንደወለወልኩ ሳስብ ግን ክብሩ ቀረ። ሥራዬን ስጨርስ ከየሐውልቱ ሥር የተለጠፈውን አነባለሁ፤ ያልገባኝን ከሰፈሬ ቤተ መጻሕፍት ተውሼ አጣራለሁ። ዓመት ሳይሞላኝ ማን ከማን እንደወለደ፣ ማን የማንን ሚስት እንደቀማ አበጥሬ አወቅሁ። ነገሩ የሰፈር ሐሜት ነው፤ ልዩነቱ የሚታሙት ሰዎች መብረቅ መወርወር መቻላቸው ብቻ ነው።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ጢሜን አሳድጌያለሁ፣ በምንም አላምንም፣ ስለ ሁሉም ግን አስተያየት አለኝ። ያገሬ ሰዎች «ፈላስፋው» ይሉኛል፤ ሲሉኝ ሙገሳ ይመስለኝ ነበር። ማተቤን በጥሻለሁ ብዬ በየቤቱ አውርቻለሁ። የበጠስኩትን ኪሴ ውስጥ ይዤ እንደምዞር ግን ለማንም አልተናገርኩም።

እሑድ እሑድ የምበላው ዊልስደን፣ እትዬ አስካለ ቤት ነበር። እትዬ አስካለ ለንደን የመጡት የአንድ ዲፕሎማት ልጆች ሞግዚት ሆነው ነው። መንግሥት ሲለወጥ ዲፕሎማቱ ቤተሰቡን ይዞ ካናዳ ገባ፤ እሳቸው ቀሩ። ካምደን አንድ ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ ያጥባሉ። ልባቸውን ትንሽ ያማቸዋል። በዚህ ዓለም ላይ ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት፤ ትርሲት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ የምትኖር። ሊያስመጧት ወረቀት አስገብተዋል። «አፕላይ አድርጌላታለሁ፣ ቼክ እያደረጉ ነው» ይላሉ ለጠየቃቸው ሁሉ። ከበራቸው ኋላ ቀይ ካፖርት ተሰቅሏል። ልጅቷን ካዩ አምስት ዓመት ስላለፋቸው ቁመቷን ገምተው ነው የገዙላት፤ እኔን ሁለት ጊዜ አልብሰው ለክተውብኛል።

አንድ ሐሙስ ጋሽ ደምሴ ብሪክስተን ቤታቸው ጠሩኝ። ጋሽ ደምሴ አገር ቤት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ፤ ለንደን ላይ ባቡር ጣቢያ ቆመው ቲኬት ይቀበላሉ። በመካከላችን ሰው ሲሞት፣ ሲወለድ፣ ሲጣላ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። በሩን ከኋላዬ ዘጉትና ከመቀመጤ በፊት ነገሩኝ።

«የአስካለ ልጅ የለችም።»

«የት ሄደች?» አልኩ እንደ ጅል።

ደብዳቤው በሰው እጅ ነው የመጣው። ጻፊዋ አክስትየው ናት። ትርሲትን አንድ ከሰዓት በኋላ በላንድሮቨር መጥተው ከቤት ወሰዷት። በሦስተኛው ቀን አክስትየው ስንቅ ይዛ ብትሄድ «ሁለተኛ ስንቅ አታምጪ» አሏት። ያንን ቃል በዚያን ዘመን ማብራራት አያስፈልግም ነበር።

«ደብዳቤው መቼ ደረሰ?»

«አሥራ ሁለት ቀን ሆነው።»

«አሥራ ሁለት ቀን! ለምን አልነገራችኋቸውም?»

ጋሽ ደምሴ እንደ ሰነፍ ተማሪ አዩኝ። «እንዴት ነው የሚነገራት? በስልክ? መርዶ ወግ አለው። በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ቄስ ባለበት ነው። ደግሞ ልቧን ታማለች፤ ብቻዋን ብትሰማው የሷንም መርዶ ልንናገር ነው።»

ወጉስ እሺ። ችግሩ ወጉ ለንደንን አለማወቁ ነበር። ባለፈው እሑድ ከሽማግሌዎቹ ግማሹ የፋብሪካ ሺፍት ነበረባቸው። ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ ቄሱ ለክርስትና ሌላ ከተማ ሄደዋል። በማለዳ ደግሞ አውቶቡስ የለም። ይቺ ከተማ መርዶንም ተራ አስይዛ ታሰልፋለች።

«አሁን ተቆርጧል» አሉኝ። «እሑድ በማለዳ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት። የቀረን ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ኦፍ ናት። ቤት ከዋለች አንዱ ይደውላል፤ ገበያ ከወጣች አንዷ አቅፋ ታለቅሳለች። ስለዚህ አንተ ይዘሃት ዋል። ከስልክና ካበሻ አርቅልኝ። አደራ፣ ኃይሉ።»

በእውነት ደስ አለኝ። በሐዘኑ ሳይሆን በመታመኔ። ወሬ አዋቂነቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሊጠቅም ነው ብዬ አሰብኩ።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ አስካለን «ዛሬ እናናፍስዎ» ስላቸው ላይ ታች አዩኝና ነጠላቸውን ከካፖርታቸው በላይ አጣፉ። መናፈሻ ወሰድኳቸው። ግማሽ ሰዓት ሳንቆይ ዝናቡ ወረደ። በካምደን በኩል ስናልፍ ገበያው ውስጥ ገባ ብለው ጓንት ሊገዙ ፈለጉ፤ እኔ ግን ዘይትና ጨው እንዳለቀበት ሰው እየተጣደፍኩ በሌላ መንገድ አዞርኳቸው። በነጻ የሚገባበት፣ ዝናብ የማይገባበት፣ አበሻ ደግሞ ድርሽ የማይልበት አንድ ቦታ ብቻ አውቃለሁ።

«ይሄ ምንድን ነው? የጣዖት ቤት ነው?» አሉ ከሙዚየሙ ደጃፍ ቆመው።

«ጣዖቶቹ ጡረታ ወጥተዋል እትዬ። አይነኩዎትም።»

አማተቡና ገቡ። በር ላይ የቆመው ጥበቃ ሚስተር ክላረንስ ነበር፤ ከጃማይካ የመጣ፣ በማለዳ ሻዩን የሚያካፍለኝ ሽማግሌ። ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ሰላም አላቸው። እሳቸውም ጎንበስ ብለው መለሱለት። ግሪኮቹ ክፍል ስንደርስ ግን ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ሳቡ።

«እነዚህ ሰዎች ልብስ ሰፊ አልነበራቸውም?»

«ሙቀት ነው አሉ።»

«የኛ ቆላስ ሙቀት የለም? እናቶቻቸው ምን ይሉ ነበር?»

እኔ እየሳቅሁ፣ እሳቸው በጣታቸው መሀል እያዩ፣ ጡንቸኛውን ሁሉ አልፈን አንዲት ሐውልት ፊት ስንደርስ ቆሙ። ዲሜተር ትባላለች። ወንበር ላይ የተቀመጠች ትልቅ ሴት ናት፤ ሰውነቷ በሙሉ በልብስ ተጠቅልሏል፣ ልብሱም ከኋላ ራሷ ላይ ወጥቷል። ሁለት እጆቿ ከክንዷ ጀምሮ የሉም። ራሷ ከሌላ፣ ነጣ ካለ እብነ በረድ ተጠርቦ የተገጠመ ነው። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ተቀምጣለች። እኔ ብዙ ማለዳ ሥሯን ጠርጌያለሁ፤ ፊቷን ቀና ብዬ ማየቴን ግን እጠራጠራለሁ።

«ይቺስ ለብሳለች» አሉ። ፊት ለፊቷ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ቆይተው፣ «ምን ሆና ነው?» አሉኝ።

«ምንም አልሆነች። አምላክ ናት።»

«ሐዘንተኛ ናት። አለባበሷን እየው። ዓይኗን እየው፤ ወደኛ አይደለም የምታየው፣ ወደ በር ነው። ሰው የምትጠብቅ ሴት እንዲህ ነው የምትቀመጠው። ማን ናት?»

እዚህ ላይ ማንም ጤነኛ ሰው «አላውቅም» ይል ነበር። እኔ ግን ማወቄን ለመናገር የሚጠይቀኝ ሰው ካጣሁ ዓመት አልፎኛል። ታሪኩን መቶ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ከገዛ አፌ ወጥቶ ሰምቼው ግን አላውቅም። ጀመርኩ።

«የእህል አምላክ ናት። የግብርና ሚኒስትር ይበሏት። ስንዴው የሚበቅለው እሷ ስትፈቅድ ነው። የልጇ አባት ዜውስ የሚባለው የሁሉ አለቃ ነው፤ ወንድሟም ነው።»

«ኤዲያ!»

«እንዲያ ነበሩ እትዬ። ልጅቷ ፐርሰፎኒ ትባላለች። አንዲት ልጅ ናት። አንድ ቀን ሜዳ ላይ አበባ ስትለቅም መሬቱ ተከፈተ፤ ከሥር የሚገዛው ሃዴስ የሚባለው በሠረገላ ብቅ ብሎ አፈፍ አድርጎ ወሰዳት። አባቷም አስቀድሞ ፈቅዶለት ነበር።»

እንደ ልማዴ ቀልድ ልጨምርበት አሰብኩ። «ያኔ ላንድሮቨር አልነበረም» ልል ቃሉ ከንፈሬ ላይ ደረሰ። ዋጥኩት። ያን ጊዜ ብቻ ምን እያወራሁ እንደሆነ ገባኝ።

«ከዚያስ?» አሉ እትዬ አስካለ።

«ከዚያማ... ብዙ ነው። እንሂድ፣ ግብፆቹን ላሳይዎት።»

«ከዚያስ?»

«እናትየው ፈለገቻት። ዘጠኝ ቀን ችቦ ይዛ ዞረች። እህል አልቀመሰችም፣ ገላዋን አልታጠበችም።»

«ያየ ሰው አልነበረም?»

መዋሸት ነበረብኝ። ውሸት ደግሞ አላጣም፤ ለቤት ኪራይ ሰብሳቢው በየሳምንቱ አዲስ ውሸት እፈጥራለሁ። የዚያን ቀን ግን አንድም አልመጣልኝም።

«የሚያውቁ ነበሩ። ማንም አልነገራትም።»

«ለምን?»

«ፈርተው። አዝነውላትም ይሆናል።»

«ሁለቱ አንድ አይደሉም» አሉ። ድምፃቸው አልተለወጠም። «በመጨረሻ ማን ነገራት?»

«ፀሐይ። ከላይ ሆኖ ሁሉን አይቶ ነበር።»

«ዘጠኝ ቀን ከላይ እያያት፣ ስትዞር እያየ፣ ዝም አለ?»

«ዝም አለ።»

እትዬ አስካለ ዓይናቸውን ከሐውልቷ ላይ አላነሱም። አንድ የልጆች መንጋ እየተንጫጫ ገብቶ ወጣ። ከዚያ ቀስ ብለው መናገር ጀመሩ።

«ደምሴ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስልክ አያነሳልኝም፤ ሚስቱ ናት የምታነሳው። ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ ሲስሙኝ አጥብቀው ሳሙኝ። አንዷ እንዲያውም አልለቅ አለችኝ። አንተ ደግሞ ሦስት ዓመት ቤቴ ስትበላ አንድ ቀን እናናፍስዎ ብለኸኝ አታውቅም። ዛሬ ገበያ ልግባ ስል በሌላ መንገድ አዞርከኝ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ትርሲት ናት?»

ልባቸውን አሰብኩ፣ የጋሽ ደምሴን አደራ አሰብኩ፣ ሮጬ ማምለጥንም አሰብኩ። ወደ ሐውልቷ ዞር አልኩ፤ እሷም ወደ በሩ ነው የምታየው።

«ናት» አልኩ።

አልጮሁም። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፣ ጥለቱን ከታች ወደ ላይ ገለበጡና አዘቅዝቀው ለበሱት።

«ተቀብራለች?»

«አይታወቅም እትዬ።»

ያ ነው የሰበራቸው። ሞቷን እንደ ምንም ተቀብለውት ነበር፤ መቃብር አለመኖሩን ግን አልቻሉትም። ከተቀመጡበት ተነሥተው ደረታቸውን እየደቁ ስሟን ጠሩ። የእብነ በረድ አዳራሽ ድምፅ አይውጥም፤ ይመልሳል። «ትርሲትዬ» ባሉ ቁጥር ጣሪያው «ትርሲትዬ» ይላል። ጎብኚዎቹ ግድግዳው ጥግ ላይ ተሰበሰቡ። አንዲት ሴትዮ ልጇን ወደ ቀሚሷ ሳበች። እኔ ፈላስፋው ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ እሳቸውን ልይዝ እጄን እዘረጋለሁ፣ መልሼ እሰበስባለሁ።

ሚስተር ክላረንስ እየሮጠ መጣ። ሊያስወጣን ነው ብዬ ስጠብቅ፣ «ያጣችው እናቷን ነው?» አለኝ በጆሮዬ።

«ልጇን።»

ባርኔጣውን አወለቀ። ሰዉን በትሕትና አስወጣ። ከዚያ ሄዶ የኔን የጽዳት ምልክት አምጥቶ በሩ መሀል አቆመ። «ወለሉ እየተወለወለ ነው፣ አይግቡ» የሚለውን። እሱም ጀርባውን ሰጥቶን በሩ ላይ ቆመ። ይህን ሰው ከዚያ ቀን በፊት ሻይ ስለሚሰጠኝ ብቻ ነበር የምወደው።

ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ልባቸው ቀጥ ይላል ብዬ ትንፋሻቸውን ስቆጥር ነበር። አልቆመም። በመጨረሻ አግዳሚው ላይ አጠገቤ ተቀመጡና ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«አገኘቻት?» አሉኝ።

«ማንን?»

«ልጇን። ታሪኩን አልጨረስክም።»

«ከማግኘቷ በፊት ቀዬዋን ጥላ ተሰደደች። ማንነቷን ደብቃ ሰው ቤት ገባች፤ የሰው ልጅ አሳደገች።»

«ሞግዚት ሆነች?»

«ሞግዚት።»

ያላሰብኩት ሆነ፤ ትንሽ ፈገግ አሉ። «ከዚያስ?»

«ከዚያ ተቆጣች። ልጄን ካልመለሳችሁ አንዲት ዘር አትበቅልም አለች። ምድር ደረቀ። ዜውስ ሲጨንቀው ልጅቷ ትመለስ አለ። ግን እዚያ ታች የሮማን ፍሬ ቀምሳ ነበርና ጨርሳ መውጣት አልቻለችም። ከዓመቱ ሲሶውን ታች ትኖራለች፤ ሁለቱ እጅ የእናቷ ነው።»

«ሁለት እጅ» አሉ። ወደ ሐውልቷ የተቆረጠ ክንድ አዩ። «እኔ ሲሶውን በሰጡኝ።»

ያን ጊዜ አለቀስኩ። እሳቸው ናቸው ጀርባዬን የደባበሱኝ። ሐዘንተኛዋ አስተዛዛኙን ስታባብል ያየ ሰው ቢኖር የተገላቢጦሽ ዓለም ይል ነበር።

ስንወጣ፣ «ሽማግሌዎቹ መቼ ነው የሚመጡት?» ብለው ጠየቁኝ።

«ነገ በማለዳ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት።»

ነጠላቸውን እንደገና ደህና አድርገው ለበሱት። «እንግዲያው እኔ አላወቅሁም።»

«እንዴት እትዬ?»

«ደምሴ ትልቅ ሰው ነው። ይህን ሁሉ ቀን ተሸክሞት ከርሟል፤ ወጉን ጠብቄ አደረስኩ ብሎ ይረፍ። አንተንም ከሰው አላጣላህም። ደግሞ እኔም ሰው ያስፈልገኛል። ዛሬ እኮ ካንተና ከድንጋይ ጋር ነው ያለቀስኩት።»

እሑድ በማለዳ ደረጃው በጫማ ድምፅ ሞላ። ጋሽ ደምሴ አንኳኩ። እትዬ አስካለ ከፈቱ፤ የቤት ቀሚሳቸውን ለብሰዋል፣ ነጠላቸው በወጉ ነው። «ምነው? በደህና ነው?» አሉ። ቄሱ ተናገሩ። እኔ ከኋላ ቆሜ ጉዱን ልይ ነው፤ ትናንት ያሉኝን ትወና ልመለከት። ትወና አልነበረም። ከትናንቱ የባሰ ነበር። ትናንት ወሬ ነበረ፤ ዛሬ ሃያ ሰው እየሰማ እውነት ሆነ። ቀዩን ካፖርት ከበሩ ኋላ አውርደው አቀፉት፤ ሴቶቹም እሳቸውን አቀፉ። ሰው ሁሉ የየራሱን ሬሳ እያሰበ፣ አገር ቤት ቆሞ ሊያለቅስለት ያልቻለውን ሁሉ እዚያች ጠባብ ፍላት ውስጥ አለቀሰው። አንዲት እንግሊዛዊት ጎረቤት በሯን ከፍታ አየችና ቀስ ብላ ዘጋች።

ጋሽ ደምሴ ዓይናቸውን እየጠረጉ ትከሻዬን ያዙ። «አደራህን ተወጣህ» አሉኝ። ኪሴ ውስጥ ማተቤን ጨብጬ ነበር።

እናንተ የምታነቡኝ ሰዎች ከዚህ ትምህርት ትጠብቁ ይሆናል። እኔም ብዙ ጊዜ ፈልጌዋለሁ። ከዚያ ቀን በፊት መርዶ ኋላ ቀር ቲያትር ይመስለኝ ነበር። ቅዳሜ ዕለት ጭካኔ መሰለኝ። እሑድ ደግሞ ያንን ሁሉ ሰው ሳይ ቅዳሜ ያሰብኩት ልክ እንዳልሆነ ገባኝ። ዛሬም ቁርጥ ያለ መልስ የለኝም። የተለወጠው እኔ ነኝ። አፌ እንኳ አልተዘጋም፤ አማልክቱን እስከ ዛሬ አማቸዋለሁ። ግን ተረት ስናገር ፊት ለፊቴ ማን እንደተቀመጠ አስቀድሜ አያለሁ። ማተቤንም አሰርኩ፤ አምኜ እንደሆን አትጠይቁኝ፣ ኪሴ ውስጥ ሲቆሽሽ ከብዶኝ ነው።

እትዬ አስካለ በየዓመቱ አንድ ቅዳሜ ሙዚየም ይመጡ ነበር። ራቁታሞቹን በነጠላቸው ተከልለው ያልፉና ዲሜተር ፊት ይቀመጣሉ። «እንዴት ከረምሽ?» ይሏታል። እኔ በዚያ መሀል ከመወልወያ ወደ ጥበቃ ዩኒፎርም አድጌ ነበር፤ ሚስተር ክላረንስ ጡረታ ሲወጣ ቦታውን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ደርግ ሊወድቅ አንድ ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው፤ ቀኑ ረቡዕ ነበር፣ ሰዓቱም ቀትር። በዚያችው ክፍል በር ላይ ቆሜ ሳለሁ እትዬ አስካለን ከሩቅ አየኋቸው። የሆስፒታል ሽርጣቸውን አላወለቁም። አንድም ሐውልት ሳያዩ፣ ራቁታሞቹን ሳይከለሉ፣ ቀጥ ብለው ወደኔ ይመጣሉ። ነጠላቸው ተዘቅዝቋል።

«እናትህ ናት» አሉኝ ገና ሳይደርሱ። «ጠዋት ደምሴ ደውሎ፣ እሑድ መርዶ ስለሚነገር ኃይሉን ቅዳሜ አንቺ ዘንድ አቆዪልኝ፣ አደራ አለኝ። ስልኩን ዘግቼ ወጣሁ። አውቶቡስ መጠበቅ አልቻልኩም፤ ከካምደን በእግሬ ነው የመጣሁት።»

ክንዴን ይዘው አግዳሚው ላይ አስቀመጡኝ። ከዚያ ራሳቸው ሄደው የጽዳት ምልክቱን ጎትተው አምጥተው በሩ መሀል አቆሙ። ተመልሰው አጠገቤ ተቀመጡና ራሴን ወደ ደረታቸው ሳቡት።

«አሁን አልቅስ» አሉኝ። «እሑድ በማለዳ ሲመጡ ደግሞ አላወቅህም።»